ወሬውን አትግደሉት፣ መዝግቡት

ግልጽ ደብዳቤ

ለሰብዓዊ እርዳታ ድርጅቶች ኃላፊዎች፣
ለድርጅቶቹ የኮሙኒኬሽን ክፍሎች፣
እንዲሁም ገንዘቡን ለምትሰጡ ለጋሾች

ጉዳዩ፦ የተረጂውን ወሬ ሰምቶ መልስ ስለመስጠት

የተከበራችሁ፣

አደጋ በደረሰ ቁጥር ከእናንተ ዘንድ የማይቀር አንድ መግለጫ አለ። ሕዝቡ ከአሉባልታ ራሱን እንዲጠብቅ፣ መረጃም ከትክክለኛው ምንጭ ብቻ እንዲወስድ ያሳስባል። ጎርፍ ይሁን ርዕደ መሬት፣ ወረርሽኝ ይሁን ጦርነት፣ መግለጫው ያው ነው። ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ ያነሳሳኝ እሱ ነው። መከራ ላይ ያለን ሰው መገሠጹ አንድ ነገር ነው። ከዚያ የባሰው ግን እጃችሁ የገባውን ትልቅ መረጃ፣ ወሬውን፣ ሳታነቡት እንድትጥሉት ማድረጉ ነው።

ቤቱ የፈረሰበት ሰው የሚያወራው ሥራ ስለፈታ አይደለም። ዛሬ ማታ የሚወስነው ነገር ስላለ ነው። ልጆቹን ይዞ እዚህ ይደር ወይስ ይሂድ? ውሃውን ይጠጣ ወይስ ይተወው? የታመመችውን እናቱን ወደ ሕክምና ጣቢያው ይውሰዳት ወይስ ቤት ያስታማት? ከእናንተ መልስ ካጣ ከጎረቤቱ ይጠይቃል። ጎረቤቱም ካልሰማ ሁለቱ ተጋግዘው ይገምታሉ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ወሬን ያጠኑ የሥነ ልቦና ምሁራን ይህን ልብ ብለውታል። ወሬ የሚበዛው ጉዳዩ ለሰው እጅግ አስፈላጊ ሲሆንና መረጃው ደግሞ ድብስብስ ሲል ነው። አስፈላጊነቱን ማንም ሊቀንሰው አይችልም፤ የሕይወት ጉዳይ ነውና። ድብስብሱን ማጥራት ግን የእናንተ ሥራ ነው።

እስኪ ነገሩን በቅርብ እንየው። መጠለያ ጣቢያ ውስጥ ነን እንበል። የውሃ ወረፋ ላይ አንዲት እናት ለጎረቤቷ «ስልክ የሌለውን ከዝርዝሩ ሊያወጡት ነው አሉ» ትላታለች። እስኪመሽ ወሬው ጣቢያውን አዳርሷል። በማግስቱ አንዱ የተሰጠውን ዘይት ሸጦ አሮጌ ስልክ ይገዛል። ሌላው የዘመዱን ቁጥር የራሱ አስመስሎ ያስመዘግባል። አንዷ ደግሞ ተስፋ ቆርጣ ከነጭራሹ ወደ ምዝገባው አትሄድም። አስተባባሪው ይህን ሲሰማ «ውሸት ነው፤ እንዲህ የሚባል ነገር የለም» ብሎ በድምፅ ማጉያ ያስነግራል።

ውሸትነቱ እውነት ነው። ግን ወሬው ከሜዳ አልተነሳም። ከሁለት ቀን በፊት መዝጋቢው ልጅ ስልክ ቁጥር ሲጠይቅ ነበር። «የለኝም» ያሉትን ሰዎች ቦታውን ባዶ ትቶ አለፋቸው። ቁጥሩ ለምን እንደሚፈለግ አልተናገረም፤ እሱም አልተነገረውም ይሆናል። ያቺ እናት ስሟ አጠገብ ያለውን ባዶ ቦታ አይታለች። ማንበብ ባትችል እንኳ ባዶ መሆኑ አይጠፋትም። ስለዚህ በዓይኗ ካየችው ተነስታ ትርጉም ሰጠችው። «ውሸት ነው» ስትሏት ያየችውን አላየሽም ያላችኋት ያህል ነው የምትሰማው።

ትክክለኛው መልስ አጭር ነበር። ቁጥር የምንጠይቀው የእደላውን ቀን በመልእክት ለማሳወቅ ነው፤ ስልክ የሌለው ሰው ከቀጠናው ተወካይ ይሰማል፤ ድርሻውም አይነካም። ከዚያ ደግሞ መዝጋቢዎቹ ከነገ ጀምሮ ይህንኑ እየተናገሩ እንዲመዘግቡ ማድረግ። ወሬው የጠቆመው የአሠራር ጉድለት ነበር ማለት ነው። መዝግቦ ለተከተለው ሰው ጉድለቱን በነጻ አሳይቶታል።

ይህ እንግዲህ ወሬው ስሕተት ሲሆን ነው። እውነት የሆነበት ጊዜ ደግሞ ይበልጥ ያንገበግባል።

ሄይቲን አስታውሱ። (በዚህ ደብዳቤ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በ2010 መጀመሪያ ርዕደ መሬት አገሪቱን አፈራረሳት። በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ፣ ቢያንስ ለአንድ ምዕተ ዓመት ያልታየባት ኮሌራ ገባ። ሚርባሌ በምትባል ከተማ አቅራቢያ የተባበሩት መንግሥታት የሰላም አስከባሪዎች ሰፈር ነበር፤ ወታደሮቹም ከኔፓል የመጡ ነበሩ። የወንዙ ዳር ነዋሪዎች ገና ከጅምሩ የሰፈሩ ቆሻሻ ወደ ውሃው እየወረደ ነው፣ በሽታውን ያመጣብን እሱ ነው ይሉ ነበር። ድርጅቱ አስተባበለ። የነዋሪው አነጋገር ወሬ ተባለ። ፈረንሳዊው የወረርሽኝ ተመራማሪ ሬኖ ፒያሩ ግን ዱካውን ሲከተል የደረሰው እዚያው ሰፈር ነው። በኋላ የባክቴሪያው የዘር ምርመራም ወደ ኔፓል አመለከተ። ዋና ጸሐፊው ባን ኪሙን የሄይቲን ሕዝብ ይቅርታ የጠየቁት በዲሴምበር 2016 ነው። ስድስት ዓመት አለፈ ማለት ነው። ወረርሽኙ በጠቅላላው ከ800,000 በላይ ሰዎችን አሳምሞ ወደ 10,000 የሚጠጉትን ገድሏል።

በዚያው ወረርሽኝ መካከል ሌላም ወሬ ነበር። ኮሌራውን በድግምትና በመርዝ የሚያዛምቱት ቩዱ የሚባለው የአገሬው እምነት ካህናት ናቸው የሚል። በ2010 ማብቂያ ላይ በዚህ ተጠርጥረው ከ40 ያላነሱ ሰዎች በደቦ ተገደሉ። ሁለቱ ወሬዎች በአንድ አገር፣ በአንድ ሰሞን፣ ስለ አንድ በሽታ የተወሩ ናቸው። አንዱ እውነት ነበር፤ ሌላው ነፍስ አጠፋ። ሁለቱን እኩል «አሉባልታ» ብሎ መጥረግ ሁለት ጊዜ መሳሳት ነው። እውነተኛውን ያስተባበለ አፍ ሐሰተኛውን ሲያስተባብል ማን ያምነዋል?

ብዙ ሳልርቅ ፓኪስታንን ልጨምር። ክትባት ሰጪዎቹ ሰላዮች ናቸው የሚል ወሬ እዚያ የቆየ ነበር። በ2011 የአሜሪካ የስለላ ድርጅት ሲአይኤ ኦሳማ ቢንላደንን ለማግኘት የጉበት በሽታ ክትባት ዘመቻን ሽፋን አድርጎ መጠቀሙ ታወቀ። ዋይት ሐውስ ከዚህ በኋላ እንዲህ አይደረግም ብሎ ያረጋገጠው በ2014 ነው። በዚያ መካከል ቤት ለቤት እየዞሩ የፖሊዮ ጠብታ የሚሰጡ ሴቶች ተገድለዋል። ጥርጣሬውን ድንቁርና ያላችሁ ሁሉ፣ ጥርጣሬው የሚያስታውሰውን ታሪክ መጀመሪያ ጠይቁ።

አንዳንዴ ደግሞ ወሬውን የሚወልደው የእናንተው ትምህርት ነው። በ2014 ኢቦላ ምዕራብ አፍሪካ ሲገባ መጀመሪያ ላይ በየቦታው የተነገረው በሽታው ገዳይ ነው፣ መድኃኒትም የለውም የሚል ነበር። ስሕተት አልነበረም። ግን አድማጩ መልሶ አሰበበት። መድኃኒት ከሌለው ታዲያ ለምን ይወስዱኛል? ሰው ወደ ሕክምና ጣቢያው ሲገባ ይታያል፤ ሲወጣ የሚታየው ግን ጥቂት ነው። ከዚህ ተነስቶ ሰው የሚሞተው እዚያ በሚሰጠው ነገር ነው ብሎ መደምደም ሩቅ መንገድ አይደለም። ጊኒ ውስጥ ዎሜይ በምትባል መንደር፣ በሴፕቴምበር 2014፣ ስለ ኢቦላ ሊያስተምሩ የሄዱ የጤና ሠራተኞች፣ ባለሥልጣናትና ጋዜጠኞች ጥቃት ደርሶባቸው 8 ሰዎች ተገደሉ። ግድያውን የሚያጸድቅ ምክንያት የለም። ነገር ግን ፍርሃቱ ከግድያው በፊት ነበር፤ ይነገርም ነበር።

መልካም ምሳሌም አለ፤ እሱን ሰፋ አድርጌ ልናገር።

ከ2018 እስከ 2020 በምሥራቅ ኮንጎ ኢቦላ 2,287 ሰዎች ገድሏል። አካባቢው ለዓመታት በታጣቂዎች ሲታረድ የኖረ ነው። ሰው በሌላ በሽታም ይሞት ነበር። ኢቦላ ሲመጣ ግን የመኪና መዓት፣ የውጭ ሰው፣ ገንዘብ አብሮ መጣ። ያን ሁሉ ዓመት ስንሞት የት ነበራችሁ የሚለው ጥያቄ ከየአቅጣጫው ተነሳ። በ2018 መጨረሻ ደግሞ በቤኒና በቡቴምቦ ከተሞች ምርጫው በኢቦላ ምክንያት ሲራዘም፣ በሽታው ፖለቲካ ነው የሚለው ወሬ ተጨማሪ ማስረጃ ያገኘ መሰለው። ሌላው ወሬ ስለ ሬሳ ነበር። የሟቹን የሰውነት ክፍል ይወስዳሉ፣ ቦርሳው ውስጥ ያለውም የእኛ ሰው አይደለም ይባል ነበር።

የቀይ መስቀል በጎ ፈቃደኞች ይህን ሰሙ። ሰምተው ግን ዝም አላሉም፣ ስብከትም አልጀመሩም። የሰው አስተያየት፣ ጥያቄና ወሬ ቃል በቃል እየተጻፈ ይሰበሰብ ጀመር። ተሰብስቦ ሲታይ ነገሩ ግልጽ ነበር። ልጁን የሚቀብር አባት ፊቱን ሳያይ የተዘጋ ቦርሳ ይረከባል። በዚህ ሰዓት የትኛውም በራሪ ወረቀት አያሳምነውም። ስለዚህ ቦርሳው ተቀየረ። ፊት የሚያሳይ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ የሬሳ ቦርሳ ሥራ ላይ ዋለ። ቤተሰብ የራሱን ሰው ለይቶ፣ ተሰናብቶ መቅበር ቻለ። በዚያው ወረርሽኝ አሊማ የተባለው የሕክምና ድርጅት ግድግዳቸው የሚያሳይ የሕሙማን ክፍሎችን ተጠቅሟል። እናት ከውጭ ቆማ ልጇን ታያለች፤ ታናግረዋለች፤ ምን እየተደረገለት እንደሆነም ትመለከታለች።

እዚህ ላይ ቆም በሉልኝ። «የሰውነት ክፍል አንወስድም» የሚል ስንት ማስታወቂያ ቢለጠፍ የአንድን ቦርሳ ያህል አይናገርም። የሁለትዮሽ ግንኙነት የምትሉት ነገር የሚፈተነውም እዚህ ነው። ሰምታችሁ ከሰማችሁት የተነሳ አንድ ነገር ቀየራችሁ ወይ? ካልቀየራችሁ ያደረጋችሁት የአንድ ወገን ንግግር ነው፤ በመካከሉ ለማዳመጥ ትንሽ ቆም ማለታችሁ አይለውጠውም።

በየጣቢያው የአስተያየት መስጫ ሳጥን አለን እንደምትሉኝ አውቃለሁ። ሳጥኑ ይኑር። ግን ማን ይጽፋል? ማንበብና መጻፍ የሚችል፣ እስክሪብቶ ያለው፣ ሲጽፍ ቢታይ የማይፈራ ሰው። ማለትም ድሮውንም ድምፁ የሚሰማው። ወሬ ግን ከሁሉም አፍ ይወጣል። አሮጊቷም፣ አካል ጉዳተኛውም፣ ከቤት የማትወጣዋ ልጅም ይናገሩታል። ማንም ፎርም አያስሞላቸውም። ነጻ የስልክ መስመርም እንዲሁ ነው፤ ሰው ቅሬታውን ለማያውቀው ድምፅ ለመናገር ጊዜ ይፈልጋል። አንዲት ሴት ከጎረቤቷ ጋር ጸጉር ስትሠራ ግን ትናገራለች።

እንዴት ይሠራ ብትሉ ነገሩ ያን ያህል የሚራቀቅ አይደለም። ላይቤሪያ ውስጥ በኢቦላው ጊዜ የመገናኛ ብዙኃንን የሚደግፈው ድርጅት ኢንተርኒውስ ከአጋሮቹ ጋር ደይሴይ የሚባል አሠራር ዘርግቶ ነበር። የጤና ሠራተኞችና በጎ ፈቃደኞች የሰሙትን ወሬ በአጭር የስልክ መልእክት ይልካሉ። መልእክቱ አንድ ማዕከል ይገባል፤ ይጣራል፤ ከነመልሱ ለጋዜጠኞች ይላካል። ሬዲዮ ጣቢያዎቹ በዚያ ሳምንት ሰው በትክክል የሚጠይቀውን ያውቃሉ ማለት ነው።

ከዚህ ተነስቼ የምጠይቃችሁ እንዲህ ነው። ወሬው በተነገረበት ቋንቋ፣ እንደተነገረው ይጻፍ። ለአለቃ እንዲመች አይለስልስ። የት፣ መቼ፣ በወንዶች ወይስ በሴቶች ዘንድ እንደተሰማ ይታከል። የተናጋሪው ስም ግን ፈጽሞ አይጻፍ። ይህን አጥብቄ የምለው ያለምክንያት አይደለም። የወሬ መዝገብ በተሳሳተ እጅ ቢገባ የመከታተያ ሰነድ ይሆናል። መሣሪያ የያዘ ሰው ማን ምን እንዳለ ለማወቅ ይጓጓል። አንድ ጊዜ እንኳ በተናገረው ምክንያት አንድ ሰው ቢጎዳ ማንም ዳግም አይነግራችሁም፤ ልክም ነው። ስለዚህ መዝገቡ ማን ጋ እንደሚቀመጥ ከመጀመሪያው ቀን በፊት ይወሰን።

ሁሉን ወሬ መከታተል አይቻልም። ምን ያህል ተዛምቷል? ሰው ቢያምነው ምን ጉዳት ያመጣል? በእነዚህ ሁለቱ ይመዘን። ስለ አንድ ሠራተኛ የፍቅር ሕይወት የሚወራው ይቆይ። ጉድጓዱ ተመርዟል የሚለው ግን በዚያው ቀን ውሃው ተመርምሮ መልስ ማግኘት አለበት። ስታጣሩም የራሳችሁን ቢሮ ብቻ አትጠይቁ። ውሃውን የሚቀዳውን፣ መኪናውን የሚነዳውን፣ መጋዘን የሚጠብቀውን ጠይቁ።

መልሱ ደግሞ ወሬው ወደ ተነሳበት ይመለስ። በውሃ ወረፋ የተወራ ነገር በድረ ገጽ አይመለስም። በ2017 ከማይናማር ወደ ባንግላዴሽ ከ700,000 በላይ ሮሂንጋዎች ሸሽተው ሲገቡ ይህ በደንብ ታይቷል። ብዙዎቹ ማንበብ አይችሉም፤ ቋንቋቸውም በስፋት የሚጻፍ አይደለም። በራሪ ወረቀት ለእነሱ ምንም ነው። በገዛ ቋንቋቸው የተቀረጸ ድምፅና የሚያውቁት ሰው ፊት ለፊት ሲያስረዳ ግን ሌላ ነው። መልስ ስትሰጡም ከእውነቱ ጀምሩ። ሐሰቱን በትልቁ ጽፋችሁ ከሥሩ «ሐሰት» ብትሉ ብዙ ሰው የሚያስታውሰው ትልቁን ጽሑፍ ነው።

መልሱን የማታውቁበት ጊዜም ይመጣል። ያኔ «አናውቅም፤ የምናውቀውን ግን ሐሙስ ጠዋት እዚሁ መጥተን እንነግራችኋለን» በሉ፣ ሐሙስም ኑ። ባዶው ቦታ ባዶ ሆኖ አይቆይም። በማርች 2016 የመቄዶንያ ድንበር ሲዘጋ ብዙ ሺህ ስደተኞች ግሪክ ውስጥ ኢዶሜኒ ላይ ጭቃ ውስጥ ቀሩ። ድንበሩ ይከፈት ይሆን? መቼ? ቁርጡን የሚነግራቸው አልነበረም። ከዚያ በአረብኛ የተጻፈ፣ መሻገሪያ መንገድ የሚያሳይ ወረቀት በመካከላቸው ተበተነ። ከ1,000 በላይ ሰዎች ሕፃናት ታቅፈው በጎርፍ የሞላ ወንዝ ተሻገሩ፤ ተይዘውም ተመለሱ። በዚያው ቀን ወንዙን ሊሻገሩ የሞከሩ ሦስት አፍጋናውያን ሰጥመው ሞቱ። ወረቀቱን ማንም ይበትነው፣ ሰው እንዲከተለው ያደረገው ቁርጡን የሚነግረው ማጣቱ ነው።

አንድ ዓይነት ወሬ በፍጹም ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ መውጣት የለበትም። አንድ የድርጅት ሠራተኛ ለእርዳታ ወይም ለሥራ ብሎ ሴቶችን ገላቸውን ይጠይቃል የሚለው። ይህ በሚስጥር፣ በቀጥታ ለሚመረምረው አካል ይሂድ፤ የጣቢያው ኃላፊ እንኳ የማያየው መንገድ ይኑረው። በምሥራቅ ኮንጎው የኢቦላ ዘመቻ የሆነውን ታውቃላችሁ። የዓለም ጤና ድርጅት ያቋቋመው ገለልተኛ ኮሚሽን በሴፕቴምበር 2021 ባወጣው ሪፖርት በወሲባዊ ብዝበዛና ጥቃት የተጠረጠሩ 83 ሰዎችን ጠቅሷል፤ 21ዱ የዓለም ጤና ድርጅት ሠራተኞች ነበሩ። እንዲህ ያለ ነገር ቢሮ ከመድረሱ በፊት ሴቶች እርስ በርሳቸው ይናገሩታል፤ «ከእሱ ጋር ብቻሽን አትግቢ» ይባባላሉ። ያን ንግግር የሚሰማ ሰው ቢኖራችሁ ስንቷ በተረፈች ነበር።

እዚህ ላይ፣ ሆን ብለው ሐሰት የሚፈበርኩ ሰዎች አሉ የምትሉኝ ትኖራላችሁ። አሉ። ለሥልጣን፣ ለገንዘብ ወይም ለጥላቻ የሚሠሩ ናቸው፤ እነሱን በሌላ መንገድ ተጋፈጧቸው። ነገር ግን ፈብራኪውንና የሰማችውን ፈርታ ለእህቷ የምትናገረውን እናት በአንድ ዓይን አትዩ። ሁለተኛዋ ጠላት አይደለችም። እየጠየቀቻችሁ ነው።

ወደ ለጋሾች ልመለስ። ድርጅቶቹ የሚቆጥሩት እናንተ የምትጠይቁትን ነው። ስንት ፖስተር ታተመ፣ ስንት ሰው መልእክት ደረሰው፣ ስንት ስብሰባ ተካሄደ። ከእናንተ መካከል ብዙዎቹ በ2016 ግራንድ ባርጌን በተባለው የለጋሾችና የእርዳታ ድርጅቶች ስምምነት ተረጂው በሚመለከተው ውሳኔ ይሳተፋል ብላችሁ ፈርማችኋል። በ2014 የወጣው ዋናው የሰብዓዊ ሥራ መመዘኛም መረጃ መስጠትን፣ ማሳተፍንና ቅሬታ መስማትን በፈቃዳቸው ለተቀበሉት ድርጅቶች ግዴታ ያደርጋል። ስለዚህ የሪፖርቱ ቅጽ ይቀየር። በዚህ ሩብ ዓመት ምን ወሬ ሰማችሁ? ለስንቱ መልስ ሰጣችሁ፣ በስንት ቀን? ከሰማችሁት የተነሳስ ምን ቀየራችሁ? የመጨረሻው ጥያቄ ላይ ባዶ የተወ ድርጅት ለምን እንደተወ ያስረዳ።

የሚያዳምጡትንም ሰዎች አትርሱ። አብዛኞቹ ራሳቸው ተፈናቃይ ወይም የሰፈሩ ልጆች ናቸው። ጠዋት ከሰው መካከል ገብተው የሰውን ምሬት ይሰማሉ፤ ከሰዓት ቢሮ መጥተው ያንኑ ይናገራሉ፤ ማታ ከዚያው ሰው ጋር ያድራሉ። መልስ ይዘው ካልተመለሱ የሚዋረዱት እነሱ ናቸው። «እናንተማ ትጽፋላችሁ፣ ምን ታመጣላችሁ» ይባላሉ። ተገቢ ክፍያ፣ ስልጠናና ጥበቃ ይገባቸዋል። ከዚያ በላይ ደግሞ ኃላፊ ዘንድ በቀጥታ የሚገቡበት በር። በየሳምንቱ ግማሽ ሰዓት፣ ውሳኔ ሰጪው ባለበት፣ የሰሙትን በሰሙት ቃል ያንብቡለት። ከዚያ ክፍል ሳይወጣ አንድ ነገር ይወሰን፤ የውሃው ሰዓት ይቀየር፣ የእደላው ዝርዝር በአደባባይ ይነበብ፣ መዝጋቢው ለምን እንደሚጠይቅ ይናገር።

አሁን ሥራ ላይ ያላችሁ ድርጅቶች ለሚቀጥለው አደጋ አትቆዩ። በያዝነው ወር በአንድ ጣቢያ፣ በአንድ ቀጠና ጀምሩት። ሦስት ወር ሠርታችሁ የሰማችሁትንና የቀየራችሁትን፣ ያልቀየራችሁትንም ከነምክንያቱ፣ መጀመሪያ ለነገሯችሁ ሰዎች አንብቡላቸው። ለእኛ ለሌሎቻችን ከዚያ በኋላ ብታሳትሙት ይበቃል።

ከአክብሮት ጋር